በእናቴ ወገን ያለውን ዝሆኔ በዘር ሐረግ እንዴት እንደተከታተልሁት

በደምበጫ ዙሪያ በሚኖሩት የእናቴ ወገኖች ዘንድ እግራቸው በዝሆኔ ያበጠ ሰዎች በየትውልዱ ስለነበሩ፣ «በሽታው የዘር ነው» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። በዚህ ቃል ምክንያት ጤነኛ ልጃገረዶች ሳይቀሩ ለጋብቻ ሲታለፉ ስላየሁ፣ ነገሩን ለአሉባልታ መተው አልወደድሁም። የቤተሰቡን ሐረግ በሥርዓት ስዬ በሽታው በእርግጥ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ተነሣሁ።

ጎጃም ለዚህ ሥራ የተመቸ አገር ነው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ርስት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት ትውልድ በመቁጠር ስለነበረ፣ በዕድሜ የገፉ አባቶች የዘር ሐረጋቸውን በአባትም በእናትም በኩል ይቆጥራሉ፤ ለጋብቻ ሲባል ዝምድናን እስከ ሰባት ቤት መቁጠሩም ልማዱን አጽንቶታል። ይሁን እንጂ ርስት ቆጣሪ ወደ አቅኚው አባት የሚያደርሰውን መስመር ይይዛል እንጂ፣ ሳይወልድ የሞተውን አጎት ወይም ርቃ የተዳረችውን እኅት መያዝ ግድ አይሆንበትም። በሽታን ለሚከታተል ሰው ግን ጤነኞቹም፣ በልጅነት የሞቱትም፣ ያልወለዱትም ከታመሙት እኩል ያስፈልጋሉ፤ እነርሱ ካልተጻፉ ከስንቱ መካከል ስንቱ እንደታመመ ማወቅ አይቻልምና። ይህን ጉድለት የሞሉልኝ ሴት አያቶች ናቸው። ማን ማንን ተከትሎ እንደተወለደ፣ የትኛው ሕፃን ክርስትና ሳይነሣ እንደሞተ የሚያስታውሱት እነርሱ ነበሩ።

ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ፣ የታመመውን በማጥቆር፣ የሞተውን በሰያፍ መስመር አመለከትሁ። ትውልዶቹን በግዕዝ ቁጥር፣ ሰዎቹን በተራ ቁጥር ለየሁ እንጂ ስም አልጻፍሁም። ዕድሜን በተመለከተ፣ ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ ይልቅ «የጎጃም ገበሬ በግብር ምክንያት ባመፀ ጊዜ እርስዎ ምን ያህል ነበሩ?» ማለቱ ይሻል ነበር፤ መልሱን ከ1960 ጋር ማስላት ይቻላልና።

ከሁሉ የከበደው ማን በምን እንደታመመ መለየት ነው። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ ዝሆኔ ለረጅም ዘመን በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣና አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት የማያልፍ እብጠት ነው። በትንኝ የሚተላለፈው ፊላሪያሲስም ሆነ የሥጋ ደዌ ከእርሱ ጋር ሊምታታ ስለሚችል፣ እብጠቱ ከየት እንደጀመረ፣ እግሩ መደንዘዝ እንደነበረው፣ ሰውየው ቆላ ወርዶ እንደኖረ እየጠየቅሁ፣ መልሱ ግልጽ ያልሆነውን በጥያቄ ምልክት አለፍሁት።

ሐረጉ ተሟልቶ ሲታይ በአንድ ዘረ መል ብቻ ከሚወረሱት ባሕርያት ጋር አልገጠመም። ለምሳሌ ቀይና አረንጓዴን አለመለየት አብዛኛውን ጊዜ በጤነኛ እናት በኩል ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል፤ በእኛ ሐረግ ግን ወንዱም ሴቱም ታሟል፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የተከተለበት ቦታ አለ፣ ከጤነኛ ወላጆች የተወለደ ታማሚም አለ። ከእያንዳንዱ ሰው አጠገብ ጫማ ማድረግ የጀመረበትን ዕድሜ ስጨምር ግን ነገሩ ፈካ። በልጅነታቸው ወደ ከተማ ሄደው ጫማ የለመዱት ጤነኞች ሲሆኑ፣ በእርሻ ላይ በባዶ እግራቸው የቀሩት ወንድሞቻቸው ታመዋል። አንድ ቤተሰብ ዘርን ብቻ ሳይሆን አፈሩንና ድህነቱንም ስለሚጋራ፣ በሽታው በአንድ ቤት መብዛቱ ብቻውን የዘር ማስረጃ አይሆንም።

ጥናቶቹም ሁለቱንም ይይዛሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ምርምር በሽታውን ከቀይ አፈር ጋር አያያዘው። በደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ የሐረግ ጥናት የተጋላጭነቱን 63 በመቶ የሚሆነውን ልዩነት ለዘር ሰጥቶ፣ የታማሚ ወንድም ወይም እኅት ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል ለበሽታው እንደሚጋለጥ አሳየ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የእነ ፋሲል ተኮላ አየለ ጥናት ደግሞ ተጋላጭነቱን ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ከሚያውቅባቸው ዘረ መሎች ጋር አገናኘው። ስለዚህ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ ተጋላጩን የሚያሳምመው አፈሩ ነው፤ እግሩ ከተጠበቀ በሽታው አይመጣም።

አንዲት አክስቴ «ልጄ፣ ይህን ወረቀት አማቾቼ ዘንድ እንዳታደርስብኝ» ብለውኛል። ፍርሃታቸው እውነተኛ ስለሆነ ሙሉውን ሐረግ ለማንም አላሳይም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቅርንጫፍ ብቻ ያያል። ወላጁ ወይም ታላቁ የታመመበትን ሕፃን ሁሉ በቀይ ከብቤ፣ ገና መራመድ ሲጀምር ጫማ እንዲገዛለትና እግሩ በየቀኑ በሳሙና እንዲታጠብ ከወላጆቹ ጋር ተነጋግሬአለሁ። አሁን ደግሞ ቡሬ ያሉትን የአባቴን ወገኖች በዚሁ መንገድ መጠየቅ ጀምሬአለሁ፤ በእነርሱ ዘንድ የጫማውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ይዤ ገብቻለሁ።