የአደጋ ፎቶ ትቼ ሜትር ያነሣሁበት ምክንያት

ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የትራፊክ ደኅንነት ክበቡን እንድመራ ስመደብ የመጀመሪያ ሥራዬ ስሕተት ነበር፤ የተጨራመቱ መኪኖችንና የተጎዱ ሰዎችን ፎቶግራፍ ሰብስቤ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አሳየሁ። ከኋላ የተቀመጡት ሣቁ፤ ወንድሟን በመኪና አደጋ ያጣች አንዲት ልጅ ግን እያለቀሰች ወጣች። አስቀድሜ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፎቶውን ያዩት ልጆች እንደ ወትሯቸው በባጃጆች መካከል እየሮጡ ሲሻገሩ አየኋቸው።

ደንቡን ያውቁታል፤ ግራን ይዞ መሄድንም ሆነ በዜብራ መሻገርን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሲሰሙት ኖረዋል። የማያውቁት የሚመጣው መኪና ስንት ሰከንድ እንደሚተውላቸው ነበር። ስለዚህ ከስፖርት መምህሩ ሜትር ተውሼ፣ በአጥሩ ጥግ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ 50 ሜትር ለክተን ጫፍና ጫፉን በኖራ ምልክት አደረግንበት። መኪናው የመጀመሪያውን ምልክት ሲያልፍ አንዱ ተማሪ ጨርቅ ያውለበልባል፤ በሁለተኛው ምልክት ላይ የቆመው ደግሞ በስልኩ ሰከንድ ይይዛል። 180 ለተያዘው ሰከንድ ሲካፈል ፍጥነቱን በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ርቀቱን በ3.6 ሰከንድ የጨረሰ መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ነው። 7 ሜትር የሚሰፋን አስፋልት በተለመደ እርምጃ መሻገር ግን ወደ 6 ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ ተሻጋሪው ሲነሣ በ50 ሜትር ርቀት ላይ የነበረው መኪና፣ እርሱ የመንገዱን አጋማሽ ጥቂት እንዳለፈ ይደርስበታል። ልጆቹ ይህን አላመኑም፤ በአፋን ኦሮሞ እየተከራከሩ ሦስት ጊዜ ደግመው አሰሉት። እኔም ጣልቃ አልገባሁም፤ ክርክሩ ከእኔ ገለጻ የተሻለ ያስተምር ነበር።

በስሌት ያልወጣልን ነገር ያየነው ተሻጋሪዎችን ስንመለከት ነው። በቡድን ሲሻገሩ ግራ ቀኙን የሚያየው ፊት ያለው ልጅ ብቻ ነው፤ የቀሩት የእርሱን ጀርባ እያዩ፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ይከተላሉ። መኪናው የሚደርሰው ለፊተኛው ሳይሆን ለአራተኛው ነው። ይህን ለርእሰ መምህሩ አስረድቼ ክፍሎቹ በ10 ደቂቃ ልዩነት እንዲለቀቁ አደረግን፤ እውነቱን ለመናገር፣ በሩ ላይ ያለውን ግፊያ ከትምህርቴ ይልቅ ያቃለለው ይህ ነው።

የፍሬን ርቀትን ሳስተምር ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን በሰሌዳ ላይ አሳየሁ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መንገዱ ሲረጥብስ?» አለኝ። ዝናብ በማይታጣበት ጅማ ተወልጄ ያደግሁት ሰውዬ ያሰላሁት ለደረቅ አስፋልት ብቻ ነበር። በቀጣዩ ሳምንት በግቢው ሲሚንቶ ላይ ውኃ አፍስሰን፣ በደረቁና በረጠበው ላይ ብስክሌት እያስቆምን ለካን። ሜትሩን የያዘው ጠያቂው ልጅ ነበር።