ከቡፌው የወረዱት ስፒከሮች

ሆም ቴአትሩን የገዛሁት ጥር ላይ ነው። ያገለገለ ዕቃ ነው፤ አምስት ትንንሽ ስፒከርና ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ የሚያወጣ አንድ ሳብዉፈር አለው። ቤት ያስገባሁት ቀን ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። አራቱን ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ቡፌው ላይ ደረደርኳቸው። አምስተኛው ቦታ ስላጣ ቡፌው ውስጥ፣ ከዲኮደሩ ጎን ገባ። ሳብዉፈሩን ጥግ ወሸቅኩት፤ ባለቤቴ ዳንቴል አለበሰችውና አበባ አስቀመጠችበት። ድምፁን ከፍ ሳደርገው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። በቃ፣ ሲኒማ ቤት ሆነልን አልኩ።

ደስታው ሁለት ሳምንት አልቆየም። ፍንዳታው ያደነቁራል፣ ሰው ሲያወራ ግን አይሰማም። ሪሞቱ ከእጄ አይለይም። ሲያወሩ ከፍ፣ ሲተኩሱ ዝቅ። ባለቤቴ «ከዚህስ የቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ይሻል ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሌላ ልገዛ አማረኝ፤ ብር ግን የለም። ስለዚህ ያሉኝን ስፒከሮች ከቦታ ቦታ መጎተት ጀመርኩ። አሁን ሰኔ ነው፣ አሁንም እየጎተትኩ ነው።

መጀመሪያ የነካሁት የመሀሉን ስፒከር ነው። ለአምስት ነጥብ አንድ፣ ማለትም ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሳብዉፈር፣ በተሠራ ፊልም አብዛኛው ንግግር የሚወጣው በሱ በኩል ነው። እኔ ደግሞ ቡፌው ውስጥ ቆልፌበታለሁ። አውጥቼ ቡፌው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። ከቴሌቪዥኑ በታች ስለሆነ የሚያወራው ለጉልበታችን ነበር። ከፊቱ ስር ስስ እንጨት ሸጉጬ ወደ ጆሯችን ቀና አደረግኩት። ይህች አምስት ደቂቃ ያልፈጀች ሥራ ከሁሉም የበለጠ ለውጥ አመጣች።

ያም ሆኖ አንዳንዴ መሀሉ ጭራሽ ዝም ይላል። የተቃጠለ መስሎኝ ነበር። ጉዳዩ የገመድ ነው። የኔ ቀይና ነጭ ገመድ የሚሸከመው ግራና ቀኝን ብቻ ነው። አምስቱ ድምፅ ተለይቶ እንዲመጣ ኦፕቲካል ወይም ኤችዲኤምአይ የሚባል ገመድ ያስፈልጋል። ከዩቲዩብ የምናየው አብዛኛው ነገር ደግሞ ከመነሻው ሁለት ቻናል ነው። ለሱ ሪሞቱ ላይ ፕሮ ሎጂክ የሚል ምርጫ አለ። በግራና በቀኝ እኩል ያለውን ድምፅ ለይቶ ወደ መሀል ይልከዋል።

የካቲት ያለቀው በሶፋ ክርክር ነው። ሶፋችን የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ግድግዳ አጠገብ ቤዝ ያብጣል፤ ስለዚህ 50 ሳንቲም ወደ ፊት ላምጣው አልኩ። ባለቤቴ «እንግዳ ሲመጣ ቤት እየለቀቁ ነው ይበለን?» አለች። ከሳምንት በኋላ ያ ክፍተት ለልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ጥሩ መደበቂያ መሆኑን አየች። ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ከዚያ የፊቶቹ ግራና ቀኝ መጡ። በመካከላቸው የነበረው 90 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ሁለት ይሁኑ አንድ፣ ጆሮ አይለያቸውም። ከተቀመጥንበት ሲታዩ እያንዳንዳቸው ከመሀል መስመሩ ከ22 እስከ 30 ዲግሪ ወጣ ማለት አለባቸው። የልጄን ፕሮትራክተርና የስፌት ክር ይዤ ለካሁ። ከኛ እስከ ስፒከሮቹ መስመር 2.80 ሜትር ነው። በመካከላቸው 2.50 ሳደርገው ወደ 24 ዲግሪ መጣልኝ።

ማስቀመጫውስ? ጅማ ተቀምጦ በርጩማ የሚያጣ የለም። ሁለት ባለ ሦስት እግር በርጩማ አመጣሁ። ሲያዩት ያምራል፣ ድምፁ ግን መሬት ላይ ቀረ። ስንቀመጥ ጆሯችን ከወለሉ 95 ሳንቲም ላይ ነው፤ ስፒከሩም እዚያው አካባቢ መሆን አለበት። አናጢ ጋ ሄጄ ባለ 85 ሳንቲም በርጩማ አዘዝኩ። «ለቀጭኔ ነው?» አለኝ። ግን አሳምሮ ሠራው። ከላዩ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ሳነጥፍበት እንጨቱ መንቀጥቀጡን ተወ።

እዚህ ላይ ያፈርኩበትን ልናገር። ሦስት ቀን ሙሉ ዘፋኙ መሀል አልቆም አለኝ። ቤዙም ሳሳ። ለካ የግራውን ቀይና ጥቁር ሽቦ አገላብጬ አስሬዋለሁ። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው እየሳበ ይጣፋሉ። ቀለሙ የጠፋ ሽቦ ካላችሁ የሪሞት ድንጋይ ለቅጽበት አስነኩት። ፖዘቲቩ ከቀዩ ጋር ከገጠመ የስፒከሩ ሸራ ወደ ውጭ ይገፋል።

የኋላዎቹ ቀላል ነበሩ። ከጎናችን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከፊቱ መሀል መስመር ከ110 እስከ 120 ዲግሪ፣ ከጆሮ 60 ሳንቲም ያህል ከፍ ብለው ተሰቀሉ። ችግሩ በቀኝ በኩል ግድግዳ የለኝም፤ ወደ ጓዳ የሚወስድ ኮሪደር ነው። ስለዚህ የግራው 1.90 ሜትር፣ የቀኙ 2.60 ሜትር ራቁ። ድምፅ 34 ሳንቲም ለመሄድ አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሁለቱን ርቀቶች ሜኑው ላይ ስሞላለት ማሽኑ ራሱ ቅርቡን አዘገየልኝ።

ትልቁ ፈተና ሳብዉፈሩ ነው። የትም ብታስቀምጠው ለውጥ የለውም ብለውኝ ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ከ80 ኸርዝ (በሰከንድ 80 ንዝረት) በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ለመለየት ጆሮ ይቸገራል። መጠኑን ግን ክፍሉ ያዛባዋል። ሳሎኔ 4 ሜትር ይረዝማል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ይህን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ፣ ለ8፣ ስታካፍሉት 43 ኸርዝ ገደማ ይመጣል። ያ ድምፅ ግድግዳው አጠገብ ይጮሃል፣ መሀል ወለሉ ላይ ይጠፋል። ሳብዉፈሩ ጥግ ላይ ሲሆን ይብስበታል። የኔ ጥግ ደግሞ ከጎረቤታችን ከእማማ ጋር የምንጋራው የጭቃ ግድግዳ ነው። «ልጄ፣ ረከቦቴ ላይ ሲኒዎቹ ብቻቸውን ያወራሉ» ብለውኛል።

መላው ትንሽ ያሳፍራል። ሳብዉፈሩን አንስቼ ሶፋው ላይ፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ጎለትኩት። ቤዙ የማያቋርጥ ዘፈን ከፈትኩ። ከዚያ ግድግዳውን ተከትዬ እየዳህኩ ዞርኩ። ቤዙ ሳያብጥም ሳይጠፋም ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። በዳዴ ላይ እያለሁ እማማ ቡና ሊጠሩን ገቡ።

«ምን ጠፋብህ?»

«ቤዝ እየፈለግኩ ነው እማማ።»

«አይዞህ፣ ይገኛል» ብለው ጎንበስ አሉና ሶፋው ስር አዩልኝ።

የተገኘው በፊተኛው ግድግዳ፣ በቴሌቪዥኑና በቀኙ በርጩማ መሀል ነው። ከጥጉ ከአንድ ሜትር በላይ ይርቃል። ዳንቴሉ ተመለሰ፣ አበባው ግን አልተመለሰም። እማማም ስለ ሲኒዎቹ ድጋሚ አላነሱም።

የቀረኝ ዝናቡ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የመሀሉን ስፒከር 3 ዴሲቤል ከፍ አደርገዋለሁ። ለካፊያ ይበቃል። ሲጠነክር ግን ፊልሙን አቁመን እማማ ቤት ቡና እንሄዳለን። ኮርኒስ ለማሠራት ዋጋ እያጠያየቅኩ ነው። ከቆርቆሮ ስር ኮርኒስ አሠርታችሁ ጩኸቱ የቀነሰላችሁ ካላችሁ፣ በምን እንዳሠራችሁት ንገሩኝ።