«ባቡሩ ሲመጣ የት ይቆሙ ነበር?»

ትርፍ ጊዜዬን የሚበላው ሥራ የድሮዋን አዳማ በሰው ትዝታ ካርታ ላይ ማስፈር ነው። ሐዲዱ በየት ያልፍ ነበር፣ ባቡሩ የት ይቆም ነበር፣ የወንጂ ኩሬዎች የት የት ነበሩ፣ ማን ይዋኝባቸው ነበር፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ሞጆና ድሬዳዋ ላይ ተመሳሳይ ነገር መጀመር የሚፈልጉ ልጆች «እንዴት አደረግከው?» ስለሚሉኝ ይኸው።

ደረቁን ነገር ቶሎ ልጨርስ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። አዳማም ከተማ የሆነችው በእሱ ነው። በእኛ በኩል ባቡሩ በ2000 ዓ.ም ገደማ ቆመ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር መስከረም 2009 ተመረቀ፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ወንጂ ደግሞ ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ስኳር ማምረት ጀመረ፣ ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ተከተለ፣ በ1967 መንግሥት ወረሰው። ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች ዛሬ የሉም፤ ሥራው ዶዶታ በኩል ወደተሠራው አዲስ ፋብሪካ ሄዷል። ይህን ሁሉ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። ቤት ቁጭ ተብሎ የማይገኘው ሌላው ነው።

«ድሮ እዚህ ምን ነበር?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ኧረ ድሮማ ጥሩ ነበር!» ከዚያ ቡና ይቀርባል፣ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ይዞራል፣ አለቀ። ሰው የሚያስታውሰው የሠራበትንና ላቡን ያፈሰሰበትን ነው። ስለዚህ ስለ ሥራው ጠይቁት። ለእኔ በር የከፈተልኝ ጥያቄ «ባቡሩ ሲመጣ የት ይቆሙ ነበር?» የሚለው ነው።

ጣቢያ ላይ ቲማቲምና የተቀቀለ እንቁላል ይሸጡ የነበሩ አንዲት እናት ይህን ስጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም፤ ተነስተው ቆሙ። ሳህኑን ራሳቸው ላይ እንዳደረጉ ያህል አንገታቸውን ቀና አደረጉ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ መስኮቱ ከፍታ ዘረጉ። «እንቁላሉን አስቀድሜ ከሰጠሁ ባቡሩ ይሄዳል፣ ገንዘቡ ቀረ። ገንዘቡን አስቀድሜ ከተቀበልኩ ደግሞ ተሳፋሪው ሌባ ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ እንቁላሉን መስኮቱ ውስጥ አስገብቼ እይዘዋለሁ፣ ሳንቲሙ ግራ እጄ ላይ ሲያርፍ ብቻ እለቃለሁ።» ከዚያ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ የሚቆምበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ገዢው ያለው እዚያ ነዋ። ሌላ ሻጭ ለብቻዋ ጠየቅኩ። እሷም እዚያው ወሰደችኝ። የጣቢያውን ንድፍ የሠራሁት በእንደዚህ ዓይነት ሴቶች ነው። የምድር ባቡር ጡረተኞችም ረድተውኛል፣ ፈረንሳይኛ ጣል ጣል እያደረጉ ስለ ሠዓት አከባበራቸው ሲያወሩ ደስ ይላሉ፣ ግን ባቡሩን ከውስጥ ነው የሚያውቁት።

ሁለተኛው ነገር ሰውን ከሳሎን ማውጣት ነው። የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ የነበሩ አንድ ጋሼ ቤታቸው ተቀምጠው ብዙም አልነገሩኝም። አብረን ስንወጣ ግን ባጃጅ በሚተራመስበት መንገድ መሃል ቀጥ ብለው ቆሙና መሬቱን በጫማቸው መታ መታ አደረጉ። አፈሩ ከፍ ይላል፤ ሐዲዱ የተነጠፈበት ድልድል ነው። እዚያ ሰፈር አንዳንድ ግቢዎች ለምን ሰያፍ እንደሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። አጥሩ የታጠረው ሐዲዱን ተከትሎ ነዋ።

ወንጂ ላይ ዘዴው ትንሽ ይለያል። ውሃው ከአዋሽ በፓምፕ ይሳባል። ማታ የሚሳበው ኩሬ ውስጥ ይጠራቀምና ጠዋት ወደ አገዳው ይለቀቃል። ለፋብሪካው ማጠራቀሚያ ነው፣ በሠራተኞች ካምፕ ለሚያድግ ልጅ ግን መዋኛና አምባዛ ማጥመጃ ነበር። ዘበኛ በዱላ ያባርራል፣ ልጅ በሌላኛው በኩል ይገባል። ቢልሃርዚያና ወባም ከዚያው ውሃ ነበሩ፣ ይህንን ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም። የጉድጓድ ውሃውም የራሱ ጣጣ ነበረው። ውስጡ ያለው ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ጥርስን ቡናማ ያደርጋል፤ አንዳንዱ ስለ ልጅነቱ እየሳቀ ሲያወራ አፉን በእጁ የሚሸፍነው ለዚህ ነው።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። «ብር ከመቀየሩ በፊት ነው በኋላ?» «ኮካ ሳይገደብ ነው?» ብትሉ ይሻላል፤ ብሩ የተቀየረው በ1969፣ የኮካ ግድብ ያለቀው በ1952 ስለሆነ ስሌቱን እናንተ ትሠራላችሁ። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ ለማወቅ ደግሞ ልብስ አጣቢዎችን ጠይቁ። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ይቃጠላል፣ ጥቁሩ ጥቀርሻ ይበተናል። የትኛው ካምፕ ላይ ነጭ ነጠላ ማስጣት ሞኝነት እንደሆነ እነሱ ያውቁታል።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። የወንጂን ታሪክ ከስኳሩ ብቻ የሚጀምር ሰው ግማሹን ጥሎታል። ከአገዳው በፊት ሜዳው ላይ ከብት የሚያሰማሩ የጅሌ ኦሮሞዎች ነበሩ። ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ለአገዳ ቆረጣ የመጡት ስለ ካምፑ በናፍቆት ሲያወሩ፣ የጅሌ ሽማግሌ ያንኑ ቦታ የሚያስታውሱት በጠፋው ግጦሽ ነው። አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ በአማርኛ የሚነገራችሁ አጭሩ ነው። ሰላምታውንም «ኦቦ» (አቶ እንደማለት ነው) ብላችሁ ጀምሩ። ሁለቱን ትዝታ ለማስታረቅ አልሞከርኩም፣ በሁለት ቀለም ሣልኳቸው።

ጥቃቅን ግን የሚያዋጡ ነገሮችም አሉ። ፎቶ ይዛችሁ ከቤት አትውጡ፣ እዚያው መስኮት አጠገብ በስልካችሁ አንሱት፤ «ነገ እመልሳለሁ» የተባለ ስንት ፎቶ ጠፍቷል መሰላችሁ። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። በተለይ ኮንትሮባንድ ሲነሳ። በድሬዳዋ ባቡር ሳልባጅ (ያገለገለ ልብስ) ያልጫነ ሰው ያለ አይመስልም፣ እንዴት እንደሚደበቅ ሲያወሩ ሳቁ ለብቻው ነው፣ ግን መቅጃው ሲጠፋ ነው የሚያወሩት። እኔም የማንንም ስም አልጽፍም። በሬዲዮ እንደሚያወሩ ሆነው የሚናገሩ ሰዎችም ያጋጥሟችኋል። እነሱን ገበያ ይዛችሁ ውጡ፣ ወዲያው ይስተካከላሉ።

ካርታው ገና አላለቀም። የኩሬዎቹን በር ጠዋት ጠዋት ይከፍቱ የነበሩ ሰዎች ጎድለውኛል፣ ያለ እነሱ ውሃው ወደየትኛው ማሳ መጀመሪያ ይሄድ እንደነበር መሣል አልቻልኩም። አንዱ ዴራ እንደሚኖሩ ልጃቸው ነግሮኛል። ፋሲካ ሲያልፍ እሄዳለሁ።