የጠባይ ነጥብ

የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው ያደገችው። አማርኛዋ ደህና ነው፤ መጻፍ ስለሚያታክታት ብቻ በቴሌግራም ድምፅ ትልክልኛለች። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። የኮሌጅ ማመልከቻ ሰሞን ስለሆነ ቤቱ ሁሉ ተጨንቋል። በቀደም የላከችልኝ ግን የራሷን ጉዳይ አልነበረም። "አክስቴ፣ የጓደኛዬ ወላጆች ቻይናውያን ናቸው። ፒያኖ መጫወትሽን አትጻፊ፣ የሒሳብ ክለቡንም ተይው፣ እንደ ሌሎቹ እስያውያን ትመስያለሽ ብለው መከሯት። እውነት ኮሌጆቹ እስያውያንን ይበድላሉ?"

እኔ ደሴ ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ። ስለ ሃርቫርድ ማን ይጠይቀኛል? ግን ነገሩ ከነከነኝ። መብራት ባለ ምሽት ሁሉ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ስለቀረበው ክስ የተጻፈ ሳነብ ሰነበትኩ። እዚያ ውስጥ አንድ በደንብ የማውቀው ነገር አገኘሁ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ዘር ከቅበላ ይውጣ ብሎ በሚሟገተው በኤድዋርድ ብለም የሚመራ ማኅበር ሃርቫርድ እስያውያን አመልካቾችን ይበድላል ብሎ ከሰሰ። ክርክሩ የዩኒቨርሲቲውን ጓዳ አደባባይ አወጣው። አመልካች በትምህርቱ፣ ከትምህርት ውጭ በሚሠራው፣ በስፖርት፣ ከዚያ ደግሞ በግል ባሕርዩ ነጥብ ይሰጠዋል። 1 ምርጥ ነው፣ 6 መጨረሻ። እስያውያኑ በትምህርት ማንም አይደርስባቸውም። ከትምህርት ውጭ ባለውም አያንሱም። ባሕርይ ላይ ሲደርስ ይወርዳሉ። ደግነት፣ ድፍረት፣ ተወዳጅነት የሚባለው ላይ።

ነጥቡን የሚሰጡት የቅበላ ቢሮ ሰዎች አብዛኛውን ልጅ በዓይናቸው አላዩትም፤ ፋይል ነው የሚያነቡት። ልጆቹን አስቀምጠው ያነጋገሩት የቀድሞ ተመራቂዎች ግን ለእስያውያኑም ለነጮቹም የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ነው።

የጠባይ ነጥብ እኛም ጋ አለ። ካርድ ላይ ከአማካይና ከደረጃ አጠገብ ያለችው ሳጥን። የሚሞላት ስም ጠሪው ነው። ሴሚስተር ሲያልቅ የመምህራን ክፍል የገባ ሰው ትርምሱን ያውቀዋል። ሮስተሩ ጠረጴዛውን ሞልቶ ተዘርግቷል። አንዱ ካልኩሌተር ይቀጠቅጣል፣ ሌላው የጎደለ ማርክ ይዞ የስፖርት መምህሩን ያሳድዳል። ድምሩ ተመሳክሮ፣ ደረጃው ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ሲደክም ነው ጠባይ የሚሞላው። ስልሳ ልጅ። የሚረብሹት አምስቱ ወዲያው ትዝ ይላሉ፤ ሲ። ሰልፍ ላይ ማይክ ይዞ ዜና የሚያነበው ኤ ነው፤ ማን ይከራከራል? ከኋላ መስኮቱ ጥግ የሚቀመጠው፣ ማርኩ ሁሌም ዘጠና ምናምን የሆነው፣ ድምፁ የማይሰማውስ? ስክሪፕቶው ትንሽ ይቆማል። ቢ። ያንን ልጅ ልጉዳው ብሎ የተነሳ የለም። ቢ ግን ቢ ነው።

ዳኛ አሊሰን ባሮውስ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሃርቫርድ ፈረዱ። ሆን ተብሎ የተሠራ አድልዎ አላገኙም። የባሕርይ ነጥቡ ልዩነት ግን አላመለጣቸውም። በከፊል ከመምህራንና ከትምህርት ቤት አማካሪዎች የድጋፍ ደብዳቤ የመጣ ሊሆን ይችላል አሉ። እዚህ ጋ ስደርስ ወንበሬን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛ ደጃፍ መጣ፤ መምህራን ጋ።

አሁን ቁጥር፤ ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ቻሉኝ። በትምህርት ውጤት ከላይኛው አንድ አሥረኛ ውስጥ ካሉት አመልካቾች ከእስያውያኑ የገቡት 12.7 በመቶ ናቸው። ከነጮቹ 15.3። ከላቲን አሜሪካ ዝርያዎቹ፣ ከሂስፓኒኮች፣ 31.3። ከጥቁሮች 56.1። ይህን ሰንጠረዥ ያየ ሰው ዓይኑ በቀጥታ 56 ላይ ያርፋል። የአገሩ ጭቅጭቅም እዚያው ላይ ነው የከረመው። ለኔ ግን ሁለት ለየቅል ጉዳይ ናቸው። የጥቁሮቹ፣ ባርነትና መድልዎ ከደጅ ያስቀረውን ሕዝብ ለማስገባት ከተጀመረ አሠራር የመጣ ነው፤ ሃርቫርድም የተማሪ ስብጥር ያስፈልገኛል ብሎ በይፋ ያደርገው ነበር። ደግፉት ተቃወሙት፣ ምክንያቱ ተነግሯል። ነጩ ልጅ እስያዊውን የሚቀድመው ግን በምን ምክንያት ነው?

ከገቡት ነጮች ከ43 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወይ ለስፖርት የተመለመሉ፣ ወይ የተመራቂ ልጆች፣ ወይ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ልጆች፣ አለዚያም ዲኑ የሚይዘው ልዩ ዝርዝር ላይ ያሉ ናቸው። ከእስያውያን፣ ከጥቁሮችና ከሂስፓኒኮች 16 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። እኔ ደግሞ ይሄ የኛ አገር በሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር!

ባሕርይ የሚባለው መለኪያም ዛሬ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሎዌል የአይሁድ ተማሪ በዛብኝ አሉ፤ ከአምስት አንድ ደርሰው ነበር። ኮታ ላውጣ ሲሉ ተቃውሞ ገጠማቸው። ከዚያ በኋላ ፎቶ፣ የትውልድ ቦታ፣ "ባሕርይ" ማመልከቻው ውስጥ ቦታ እያገኙ መጡ። የአይሁዶቹም ቁጥር ወረደ።

የብለም ክስ በይግባኝ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 በኮሌጅ ቅበላ ዘርን ከግምት ማስገባትን ከለከለ። በቀጣዩ ዓመት ኤምአይቲ የሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከገቡት እስያውያኑ ከ40 ወደ 47 በመቶ ወጡ፤ ጥቁሮቹ ከ13 ወደ 5 ወረዱ። ዬል ዩኒቨርሲቲ ግን እስያውያኑ ራሳቸው ከ30 ወደ 24 በመቶ ወረዱ። ኤምአይቲ ድሮም ለተመራቂ ልጅ ቅድሚያ አይሰጥም። ፍርዱ ደግሞ የተመራቂ ልጆችን ነገር አልነካውም።

የእህቴ ልጅ እዚያ አገር ጥቁር ናት። ቀደም ብላ ብትወለድ ኖሮ ለሷ የሚጨመርላት ነገር ነበር። ይህን ሳልነግራት አላለፍኩም። "አውቃለሁ አክስቴ፤ እኔና እሷ እኮ አብረን ነው የምናጠናው" አለችኝ።

እኛ ጋ ለዩኒቨርሲቲ ጠባይ አይጠየቅም። ያለው ፈተና ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሹን ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ፈተናው ለማንም አላዘነም። ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች መቁረጫው ዝቅ ሲል ደግሞ በይፋ ይነገራል፤ የቀረ ልጅ በስንት ነጥብ እንደቀረ ያውቃል። ይህን እወድለታለሁ። ግን በዚያው በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የኛ ልጆች ደብተር ጥለው ነው የወጡት። ሌላው ሲፈተን እነሱ ስደት ላይ ነበሩ፤ ዙራቸው ኋላ መጣ። የመልስ ወረቀቱ ይህን የሚጻፍበት መስመር የለውም። ስለዚህ የልጅን ታሪክ ማንበብ አልጠላም። ልጁን ሳያውቅ ባሕርዩን የሚመዝነውን ነው የምጠላው።

ዘንድሮ ከተማሪዎቼ አንዱ ለውጭ ስኮላርሺፕ የድጋፍ ደብዳቤ ለመነኝ። መጀመሪያ እጄ የጻፈው የለመደውን ነው፦ ጨዋ፣ ታታሪ፣ አንገቱን የደፋ። ደሴ ውስጥ ልጅ ለመዳር ይህ ይበቃል። እዚያ ማዶ ግን ታታሪና ዝምተኛ የተባለ ልጅ ፋይሉ የት እንደሚያርፍ አንብቤያለሁ። ጠርቼ አስቀመጥኩት። ቅዳሜ ምን ትሠራለህ? ሰፈሩ ሆጤ ውስጥ የጎረቤት ልጆችን ሰብስቦ ሒሳብ ያስረዳል ለካ። ጠመኔ ሲያልቅበት የግቢውን አጥር በከሰል ይጽፍበታል፤ የቤቱ ባለቤት አንዴ አባረውት፣ በሳምንቱ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጥተው አስቀምጠዋል።

እንዳለ ጻፍኩት። ሳነብለት ፊቱ ቀላ።

"ቲቸር፣ ጉራ አይመስልብኝም?"

"ይምሰልብህ" አልኩትና ፈረምኩበት።