ስክሪንሾቱ ንጹህ ነበር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከደንበኞቼ አንዱ ጌም ቤት ያላቸው ሰውዬ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ጥግ ላይ ያለው ስክሪን ምስሉን ይቆርጠዋል።»

«ይቆርጠዋል ሲሉ?»

«እኔ ምን አውቄ! ልጆቹ ናቸው እንዲያ የሚሉት። በፍጥነት ሲዞሩ ሰውየው ከወገቡ ላይ ለሁለት ይከፈላል አሉ።»

ሄድኩ። ጌሙን ከፈትኩ፣ ሜኑውን አየሁ፣ ምንም የለም። ለማንኛውም ብዬ ድራይቨሩን አድሼ፣ ኬብሉን ነቅዬ ሰክቼ፣ ፎርማትም አድርጌ ወጣሁ። (እኛ ዘንድ ያልታወቀ በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ነው።) በማግስቱ ያው ሆነ። «እስኪ ስክሪንሾት ይላኩልኝ» አልኳቸው። በቴሌግራም ሦስት ላኩ። ሦስቱም ጥርት ያሉ ናቸው። ልጆቹ አበዙት አልኩ በሆዴ።

ሲነዘንዙኝ ጊዜ ጥፋቱን ምስሉን በሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ላይ ጣልኩት። ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ነበር፣ በፈረንጅ የ2014 ዕቃ። «አርጅቷል ጋሼ፣ አይችልም» ብዬ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 አስገዛኋቸው። ገጠምኩት። ፍሬሙ፣ ማለትም ካርዱ የሚያወጣው ምስል፣ በሰከንድ ከ140 በላይ ሲል እኔ ራሴ ደረቴን ነፋሁ።

ማታ ደወሉ። «ገንዘቤን አስወጥተህ ጭራሽ አባስከው!»

በዚህኛው ዙር ከኮምፒውተሩ ጋር ሳይሆን ከልጆቹ ጋር ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነበር። አንዱ ተኩስ ጌም የሚጫወት ልጅ «ብሮ፣ እዚህ ጋ እይ» ብሎ አንድ የድንጋይ ምሰሶ ፊት ቆመና ማውሱን ግራ ቀኝ ወዘወዘው። ምሰሶው ከመሃሉ ተሰበረ። የላይኛው ግማሽ እዚህ፣ የታችኛው ግማሽ ሁለት ጣት ያህል ወደዚያ። ቆም ሲል ደግሞ መልሶ ገጠመ። በስልኩ ስሎው ሞሽን ቀርጾ ሲያሳየኝ ስብራቱ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቄሱ ወንጌሉን ከገጹ አናት ጀምረው ወደ ታች እያነበቡ ነው እንበል። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ዲያቆኑ ገጹን ቢገለብጥባቸው የሚሰማው ምንድን ነው? ግማሹ ከዚያኛው ገጽ፣ ግማሹ ከዚህኛው። ሞኒተሩም ምስሉን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። 60 ሄርዝ ከሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ የሚያነብ ከሆነ፣ አንዱን ምስል አንብቦ ለመጨረስና ወደሚቀጥለው ለመሄድ 16.7 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ካርዱ ደግሞ ዲያቆኑ ነው፣ አዲስ ፍሬም በደረሰለት ቁጥር ይገለብጣል። በሰከንድ 140 የሚያወጣ ካርድ አንድ ገጽ ሳያልቅ ሁለት ጊዜ ይገለብጣል ማለት ነው። እኔ እንግዲህ ዲያቆኑ ቸኮለ ተብሎ ሲከሰስ የባሰ ቸኳይ ዲያቆን ቀጥሬ የመጣሁ ሰው ነኝ።

ሜኑው ላይ ያልታየኝም ለዚህ ነው። ምስሉ ካልተንቀሳቀሰ ሁለቱ ገጾች አንድ ናቸው፣ ቢገለበጥስ ማን ያውቃል? ስክሪንሾቱም ካርዱ ውስጥ ያለውን ሙሉ ገጽ ነው የሚያነሳው፣ ሞኒተሩ ላይ የተነበበውን አይደለም። ያን ሁሉ ቀን የተሳሳተ ማስረጃ ይዤ ልጆቹን ስጠረጥር ነበር።

ቪ-ሲንክ የሚባለውን ማስተካከያ አበራሁት። ዲያቆኑ ገጹ እስኪያልቅ ይጠብቃል ማለት ነው። ስብራቱ ድራሹ ጠፋ። ጋሼም ቡና ጋበዙኝ። ቡናው ሳያልቅ ልጁ መጣ፦ «ብሮ፣ ማውሱ ጭቃ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። ሳልተኩስ እየሞትኩ ነው።» እውነቱን ነው። ፍሬሙ ተራ ሲጠብቅ እጅህ ያዘዘው ዘግይቶ ይታያል። ለኳስ ጌም ብዙም አይጎዳም፣ ለተኩስ ግን ያናድዳል። ካርዱ ደከም ያለ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ አንዷ ፍሬም ያቺን 16.7 ሚሊሰከንድ ካለፈች ብዙ ጊዜ ከ60 ፍሬም ቀጥ ብሎ ወደ 30 ነው የሚወርደው።

ማታ መብራት ሄዶ ሁሉም ሲወጣ የስልኬን ባትሪ አብርቼ የሞኒተሩን ጀርባ አየሁት። 75 ሄርዝ ነው። ፍሪሲንክ የምትል ትንሽ ምልክትም አለችው! ቄሱ ራሳቸው ዲያቆኑን እየጠበቁ ማንበብ ይችላሉ ማለት ነው፣ ፍሬም ሲደርስ ሞኒተሩ ያኔ ያነባል። ግን የተሰካው በኤችዲኤምአይ ኬብል ነው። የካርዱ አምራች ኤንቪዲያ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጥር 2019 ጀምሮ የፍሪሲንክ ሞኒተሮችን ቢቀበልም፣ እንደ 1060 ባለ ካርድ ላይ የሚሠራው ዲስፕሌይፖርት በሚባለው ሌላ ኬብል ብቻ ነው፣ በኤችዲኤምአይ አይሠራም። ኬብሉ እጄ ላይ አልነበረም። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስላክሁት፣ ዓባይን ተሻግሮ መጣ።

ሰካሁት። ሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ፍሪሲንክን፣ የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ላይ ደግሞ ጂ-ሲንክን (የራሱ የኤንቪዲያ መጠሪያ ነው) አበራሁ። ፍሬሙን ደግሞ 72 ላይ ገደብኩት፣ ከ75 ካለፈ መጠባበቁ ይፈርሳልና። የሞኒተሩ የታችኛው ወሰን 48 ነው፣ ከሱ እንዳይወርድ ጥላውንና ጭሱን ቀነስኩ። ልጁ ምሰሶው ፊት ሄዶ ወዘወዘው፣ ደገመው፣ ሰለሰው። ምሰሶው አልተሰበረም። «ማውሱስ?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፣ መጫወት ጀምሯል።

የቀሩት ኮምፒውተሮች ተራ 60 ሄርዝ ናቸው። ኳስ የሚጫወቱባቸውን ቪ-ሲንክ አብርቼ ተውኳቸው፣ የተኩሶቹ ላይ ቪ-ሲንኩን አጠፋሁት፣ መቆረጡን የመረጡት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው።

ልወጣ ስል ጋሼ ያዙኝ። «ታዲያ አዲሱን ካርድ በከንቱ ነው ያስገዛኸኝ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ነበር። ከኤንቪዲያ ካርዶች በሞኒተሩ ፍሪሲንክ መጠቀም የሚችለው 1060 ካለበት ከ10 ተከታታይ ጀምሮ ያለው ነው፣ የድሮው 750 አይችልም። ካርዱ በአጋጣሚ የግድ ሆኖ ተገኘ። «አውቄ ነው እኮ ጋሼ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጁ ደግሞ ከኋላዬ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ሳላውቅ እንዳስገዛኋቸው፣ ዕድል እንዳወጣኝ ነገርኳቸው።

ትንሽ አሰቡበት። «እንግዲያው ካርዱ ይሁን» አሉ፣ «የኬብሉን ግን አንተ ቻል።»