የማለዳ ሶምሶማዬና ያቺ ትንሽ ሴንሰር

ሲጋራ አላጨስም። አጫሽ አጠገብ መቀመጥ እንኳ አልወድም። ስለዚህ ዶክተሯ የምርመራ ወረቀቴን እያገላበጠች "ያጨሳሉ?" ስትለኝ ኮራ ብዬ "በፍጹም!" አልኳት። ቀጠለችና "ቤትዎ የት ነው?" አለችኝ። ይሄ ደግሞ ምን አገባው አልኩ በሆዴ። መኪና የማያቋርጥበት ትልቅ መንገድ ዳር፣ ግራውንድ ላይ እንደምኖር ነገርኳት። በየማለዳው በዚያው መንገድ ጠርዝ ሶምሶማ እንደምሮጥም ጨመርኩላት፤ እንድታደንቀኝ ብዬ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ያለው ደስ አይልም። የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ 6.1 በመቶ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው የስኳር በሽታ ዋዜማ ነው። ግፊቴ 142 በ91። ሽንቴ ውስጥ ደግሞ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ከሚገባው በላይ ተገኝቷል፤ ኩላሊት ማጣሪያው ሲላላ የሚያፈስሰው ነው። ሦስት በሽታ በአንድ ቀን! እሷ ግን ለየብቻ አላየቻቸውም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2023 የልብን፣ የኩላሊትንና የሜታቦሊዝምን፣ ማለትም ሰውነት ስኳርና ስብን የሚጠቀምበትን ሥርዓት፣ ችግር አያይዞ በአንድ ስም እንደጠራው ነገረችኝ። አንዱ ሲታመም ሌሎቹን ይጎትታል። ሦስቱንም ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ የምተነፍሰው አየር ነው አለችኝ።

አየር ሳንባን ይጎዳል ቢሉኝ ይገባኛል። ኩላሊት ድረስ ምን ወሰደው? ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ ፒኤም 2.5 የሚሉት ብናኝ ነው። ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ ከራስ ፀጉር 30 እጥፍ ገደማ ይቀጥናል። አፍንጫ አያስቀረውም፣ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። እዚያ ሳንባውን ያስቆጣዋል፤ የቁጣው ኬሚካሎች በደም ይሰራጫሉ። ከሁሉም የደቀቁት ቅንጣቶች ራሳቸው ወደ ደም ይሻገራሉ። ከዚያ የደም ስሮች ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፣ ግፊት ይወጣል፣ ደም ለመርጋት ይቀለዋል። ሰውነት ኢንሱሊን "ስኳሩን አስገቡ" ሲለው እየሰማ እንዳልሰማ ይሆናል። ኩላሊት ደግሞ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ የሚያጣራ የቀጫጭን ደም ስሮች ቋጠሮ ነው። ደም ስር የሚጎዳ ነገር እሱን እንዴት ይለፈው?

ትንሽ የአየር መለኪያ ሴንሰር ገዛሁ። ለአንድ ወር ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር ደብተር ላይ ጻፍኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ በቀን አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በኩብ ሜትር፣ በዓመት አማካይ ደግሞ ከ5 አይለፍ ይላል። የኔ የሶምሶማ ሰዓት 80 እና 90 ይመታ ነበር። ከሰዓት በኋላ እዚያው ቦታ 25።

ማለዳ ንጹህ ነው ብዬ ስንት ዓመት ሮጫለሁ! ሌሊት መሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይጫነዋል። ጭሱ እዚያው ታፍኖ ያድራል፤ ፀሐይ ሞቅ ስታደርገው ነው የሚበተነው። ሯጭ ደግሞ ከተቀመጠ ሰው ብዙ እጥፍ አየር ይስባል። ሶምሶማውን አልተውኩም፤ መተው ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ወደ አመሻሽ አዞርኩት፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት መቶ ሜትሮች ገባ ብዬ መሮጥ ጀመርኩ።

ትልቁ ቁጥር ግን ደጅ አልነበረም። አንድ ማታ እራት ስጠብስ ሴንሰሯ 340 አለች። በር ዝግ፣ መስኮት ዝግ። መንገዱን ስከስስ የከረምኩት ሰውዬ፣ የቤቴን ጭስ ራሴ እያመረትኩት ኖሯል። አሁን መጥበሻውን ከመጣዴ በፊት መስኮት እከፍታለሁ፤ መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት ግን እዘጋለሁ።

ስህተቶቼንም ልናገር። መጀመሪያ "አየር ያድሳል" የተባለ መሣሪያ ገዛሁ። የሚያመነጨው ኦዞን የሚባል ጋዝ ኖሯል፤ ኦዞን ራሱ ሳንባ ያስቆጣል። ገንዘቤ ቀለጠ። በኋላ ሄፓ ፊልተር (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ወንፊት) ያለው፣ ለክፍሉ ስፋት የሚበቃ ማጣሪያ አመጣሁና መኝታ ቤት አስቀመጥኩት። የሕክምና ማስክም ሞክሬያለሁ፤ አየሩ በጎንና በጎን ይገባል። ኤን95 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ይሻላል፣ ግን ፊት ላይ ልክክ ካላለ ዋጋ የለውም። ጢሜን ለመላጨት ሁለት ሳምንት አቅማማሁ። ሴንሰሯንም ሁልጊዜ አትመኑ፤ በጉም ቀን እርጥበቱን ብናኝ እያለች ታስደነግጣለች።

ሌላም አለ። የመጀመሪያውን ሽንት የሰጠሁት ከሩጫ ቀጥታ ሄጄ ነው። ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ለጊዜው አልቡሚንን ከፍ እንደሚያደርግ ማን ነገረኝ? በእረፍት ቀን ሲደገም ዝቅ አለ፤ ጤነኛ ከሚባለው ልክ፣ ከ30 በታች፣ ግን አልወረደም። ኩላሊት ተጎድቷል የሚባለው ነገሩ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ ነው፤ ስለዚህ እየደጋገምን እናየዋለን። ግፊትም እንደዚያው። እየተጣደፉ ገብተው የሚለኩት ግፊት ያሳስታል። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብዬ፣ ክንዴን በልቤ ልክ አድርጌ፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ እለካለሁ።

ከስድስት ወር በኋላ ግፊቴ በአማካይ 131 በ84፣ ስኳሬ 5.8 ሆነ። አየሩ ነው ያወረደው ብዬ አልምልም። የግፊት መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ አራት ኪሎ ቀንሻለሁ፣ እንቅልፌም ተስተካክሏል። ሁሉንም በአንዴ ስለቀየርኩ የትኛው ምን እንደሠራ መለየት አልችልም። አንድ ጓደኛዬ ማጣሪያ ገዝቶ መድኃኒቱን ሊያቆም ሲል ግን ተቆጥቼዋለሁ።

ሴንሰሯ አሁን ኩሽና ነው ያለችው። እኔ ሽንኩርት ሳቁላላ ባለቤቴ ከሳሎን ሆና ቁጥሩን ታነብልኛለች። ትናንት ማታ 48 ላይ ስትደርስ "መስኮቱን ረስተኸዋል" አለችኝ። እውነቷን ነበር።