ከጣርማበር ወዲያ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ጣርማበር ላይ፣ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ በሠራው መሿለኪያ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ሌላው የተራራውን ጫፍ ይዞ ወደ መንዝ ይሄዳል። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር እኔ የያዝኩት ይህን ሁለተኛውን ነው።

ሰሜን ሸዋ ሲባል ፍቼን ዋና ከተማው ያደረገው የኦሮሚያው ዞንም ስላለ ልለይ፤ የምጽፈው ደብረ ብርሃንን ማዕከሉ ስላደረገው ስለ አማራ ክልሉ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሕዝቡ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ ማሾና ሽንኩርት ያመርታል፤ እዚህ ላይ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነንና ጤፍ የለም። ያለው ገብስ ነው። ገብሱም ቢሆን ውርጭ ካገኘው አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ስለዚህ የመንዝ ገበሬ ኑሮውን በእህል ብቻ አይጥልም፤ በግ አለው።

ከጓሳ ሜዳ አጠገብ ባለች መንደር አንዲት እናት ቤት አደርኩ። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ምድጃው ላይ ኩበት ይጨሳል። እናትዮዋ ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። እንዝርቷን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ይለቋታል፤ ክሩ ከጣታቸው መሐል እየቀጠነ ይወጣል፤ ሲበጠስ በምራቃቸው አርሰው ይቀጥሉታል። ጠጉሩ ሳይታጠብ የቆየ ስለሆነ የበጉ ሽታ አልለቀቀውም።

«እማማ፣ ይሄ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አልኳቸው።

«ባናው ነው? እኔ እፈትላለሁ ልጄ፤ ሸማኔው ነው የሚሠራው። ክረምቱን ሙሉ ስፈትል ከርሜ አንድ ይወጣኛል» አሉኝ።

ሌሊቱን ያለበሱኝ ያንኑ ባና የሚሉትን የጠጉር ብርድ ልብስ ነው። ከባድ ነው፤ ቆዳ ይኮሰኩሳል፤ ግን ውርጩ አልደረሰብኝም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ብርድ ልብስ የሚያመርት ፋብሪካ ከተቋቋመ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ያኔም የኢንዱስትሪ ፓርክ እየተገነባ ነበር። የከተማው ዕድገት ያስደስተኛል። ነገር ግን ስለ ዞኑ ኢኮኖሚ ሲወራ የእኒህ እናት እንዝርት መቆጠር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ አዝመራው ሲከዳ ቤቱን የሚያቆመው ይኸው ነውና።

ጠዋት ጓሳ ሜዳን አየሁት። ወደ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የሣር ምድር ነው። ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል፤ ጭላዶች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ቀይ ቀበሮም አለ፤ እኔ ግን አላየሁም። እንግዳ የሚመጣው ለእነዚህ አራዊት ነው፤ ዓይኔን የያዘው ግን ራሱ ጓሳው ነው። ቀጭን፣ ጠንካራ፣ በእጅ ሲጨብጡት የሚሻክር ሣር። ያደርኩበት ቤት ክዳኑ እሱ ነው፤ በጉ የሚታሰርበት ገመድ እሱ ነው፤ እረኛው ለዝናብ የሚደርበው ገሳም ከእሱ ይሠራል።

ይህ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም። መንዞች ቀሮ በሚሉት ሥርዓት ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ጠብቀውታል። አለቃ ይመርጣሉ፤ ሜዳው ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ድርቅ ሲመጣ ይከፈትና ከብቱ ይተርፋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ላይ የቆመው ቀሮ አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ላይ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ኮሚቴ አቋቁመው እንደገና መጠበቅ ጀመሩ፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ይህን ሲነግሩኝ በጣም ኮራሁባቸው። ከዚህ ሜዳ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ውኃ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። መንዞች ሣሩን ሲጠብቁ ለስንቱ እንደሚጠብቁ!

ወደ መሐል ሜዳ ስቀጥል አንድ ልጅ ሁለት በጎች እየነዳ ወደ ገበያ ሲሄድ ደረስኩበት። የታሰሩበት ገመድ አዲስ ነው፤ ገና አረንጓዴ ነበር። «ማን ገመደው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ» አለ፤ እንዳየው ጫፉን ዘርግቶ ሰጠኝ።